ክንድ የበላው ቀለም

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ሞልቶ ዝም እንዳለ፣ ከቀለም ክፍሉ የላስቲክ መጋረጃ ወዲያ አንድ ቀጭን ነገር ጮኸ። ማንኪያ የብርጭቆ ጠርዝ ሲነካ እንደሚወጣው ያለ ድምፅ ነበር፤ ብርጭቆ ግን እንዲህ አይረዝምም። ተከታትለው ሌሎች መጡ፣ ከዚያም ሁሉም ባንድነት፣ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ እንደሚዘፍን ሰው።

ደመና የቀለም መርጫውን እንደያዘ ቆሞ አዳመጠ። ደመና እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ወንበር እየቀባ ሐሳቡ ሽቅብ ስለሚሄድበት የእንጨት ቤቱ ሰዎች የለጠፉበት ነው። ትምህርቱን ጨርሶ እዚህ ከገባ ጀምሮ ሥራው አሮጌ የቤት ዕቃ ማደስ ነው። ሰው የኖረበትን ጠረጴዛ ይፍቃል፣ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ይቀባል፣ ይወለውላል፤ ትናንት እንደተሠራ አድርጎ ለባለቤቱ ይመልሳል። በዚህ የሚስተካከለው የለም። የቲነር ሽታ አፍንጫውን ካደነዘዘው ግን ቆይቷል፤ አንዳንዴም የደነዘዘው አፍንጫው ብቻ እንዳልሆነ ይጠረጥራል። ደስ ሊለው የሚገባ ነገር ሲመጣ ደስታው በጥጥ ተጠቅልሎ፣ ከሩቅ ነው የሚደርሰው።

“ደመና፣” አለ ምስማር ከወዲያ። ምስማር ከሲታው አናጢ ነው፤ የሰው ነገር ውስጥ ካልገባ የበላው አይረጋለትም። “ዝናብህ መጥታለች። ጃንጥላህን ይዘህ ውጣ።”

መጋረጃውን ገለጠ። የመሐንዲሱ ልጅ ገና ቀለም ያልነካው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር አድርጋ አገኛት። ምንም ነገር ላይ አልሰካችውም፤ በባዶው ነበር የምትነካካው። የተዋወቁት የአባቷ የመጻሕፍት መደርደሪያ ለእድሳት በመጣ ጊዜ ነው። መደርደሪያው ከተመለሰ ቆየ፤ እሷ ግን መምጣቷን አልተወችም።

“ገዛሁት፣” አለችው፤ ዓይኗን ከክሮቹ ሳታነሳ። “ንካው እስቲ።”

ጓንቱን አውልቆ ተቀበላት። እስከዛሬ እንዳያቸው ጊታሮች አልነበረም። ወገቡ በሁለቱም በኩል እኩል አልገባም። አንዱ ጎን ወደ ላይ ሸሽቷል፣ ሌላው ወደ ታች ወርዷል፤ ሰውነቱን ባንድ እግሩ ላይ ጥሎ ሰው የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ደመና የሠሪው እጅ የሳተ መስሎት ነበር። ቁጭ ብሎ ጭኑ ላይ ሲያደርገው ግን የሸሸው ወገብ ራሱ ፈልጎ ገጠመ፤ አንገቱም ሳይጠሩት ወደ ግራ እጁ መጣ። ከበድ ይላል፤ አቀማመጡ ግን ክብደቱን ያስረሳል። የአንገቱ ጀርባ የማር ቀለም አለው፣ መዳፍ ላይ ይንሸራተታል። ከክሮቹ ሥር ድምፁን የሚቀበሉ ሁለት ሰፋፊ ማግኔቶች፣ ወደ ጭራው በኩል ደግሞ ቀጭን የብረት ክንድ። ክንዱን ጫን ሲሉት ድምፁ ጎንበስ ይላል፤ ሲለቁት ቀና ይላል።

ከሁሉ የገረመው ድልድዩ ነው። ክሮቹ የተደገፉበት ያ ብረት በብሎን አልታሰረም፤ በሁለት እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ይወዛወዛል። የያዘው የክሮቹ ጭነት ብቻ ነው። ያ ቀጭን ጩኸትም የወጣው ከድልድዩ ኋላ ከሚተርፈው አጭር ክር ነበር፤ ማንም እንዲጫወትበት ካልታሰበው።

“ቅርጹ የድሮ ነው፣” አለች። “ጊታሩ ግን አዲስ ነው።”

አዲስ ነው ስትል ቀና ብሎ አያት። ወተት የነበረው ቀለም ወደ ሻይ ሸሽቷል። የቀኝ ክንድ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተበልቶ እንጨቱ አጥንቱን አውጥቷል። ጀርባውን የቀበቶ ዘለበት ቧጥጦታል፣ ጠርዙ ተሸራርፏል፣ ብሎኖቹ ዝገዋል። ደመና ይህን ዓይነት ፍቅታ ያውቀዋል። አንድ ሰው ጉልምስናውን ካልጨረሰበት በቀር እንጨት እንዲህ አይበላም። አሮጌ ሸጠውላት አዲስ ነው ብለዋታል ብሎ አሰበ። ጣቱን በተበላው ቦታ ላይ አሳለፈ። በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ላብም እድፍም አልነበረም። እጁ ይህን አስተዋለ፤ ልቡ ግን ፍርዱን ሰጥቶ ስለተነሳ ምስክር አልሰማም።

ምስማር በበኩሉ አንገቱን አስግጎ አየና፣ እቴ፣ ይሄ እንኳ ከነጡረታው ነው የሸጡልሽ አላት። ሳቀች። ስትስቅ ደመናን ነበር የምታየው። የሆነ ነገር ልትነግረው አፏ ድረስ መጥቶ እንደመለሰችው ከዓይኗ ታየ። እሑድ ታየዋለህ አለችው፤ እስከዚያ አባቴ እንዳያየው እዚህ ደብቅልኝ።

እሑድ ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። መሐንዲሱ ለሥራ ባልደረባው ልጅ ሊድራት አስቧል፤ ሰኞ የልጁ ሽማግሌዎች ሲመጡ ቃሉን ይሰጣል። ለእሑድ ምሳ ደመናን ወደ ቤት ትወስደዋለች፤ እሱም በገዛ አፉ እወዳታለሁ፣ ስጡኝ ይላል። ሌላ ቀን የላቸውም። ደመና ንግግሩን እየቀባም፣ እየፈቀም፣ መንገድ እየሄደም በልቡ ይለዋል። ደጋግሞ ከማለቱ የተነሳ አንዳንዴ ተናግሮ የጨረሰ ይመስለዋል።

ስትሄድ በሩ ላይ ዞር ብላ አየችው። እጁን አነሳላት። ሊሰማው ይገባ የነበረውን ነገር ጠበቀው፤ ከጥጡ ውስጥ ሳይወጣ ቀረ።

በማግስቱ ጊታሩን ፈታው። ለሷ የሚሰጠው ነገር ፈልጎ ፈልጎ ከእጁ በቀር ያገኘው የለም፤ እጁ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። የታለለችውን ልጅ ያልታለለች ያደርጋታል። አዲስ ነው እንዳሉሽ፣ ይኸው አዲስ ነው ይላታል።

ምስማር አልወደደውም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ብሎ ተረተበት። የሰው ዕቃ ነው፣ ጠይቃት አለው። ደመና ደግሞ ከተጠየቀማ ስጦታነቱ ምኑ ላይ ነው ብሎ መለሰለት። ምስማር መጋዙን አንስቶ፣ አፍ ያለው ያግባሽ ማለት ለዚህ ነው አለና ወደ ሥራው ዞረ። ሲቀልድ ይሁን ሲመክር አልታወቀም።

ክሮቹን ሲያላላ ድልድዩ ዘንበል ብሎ መዳፉ ላይ ወደቀ። ሽቦዎቹን እንደነበሩ በወረቀት ላይ ሥሎ ነቀላቸው። የተቧጠጠውን በስቱኮ ደፈነ፤ በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ፈቀ፤ ሻይ መሰሉን ቀለም ጠርጎ ንጹሕ ወተት ቀላቀለለት። ስስ ስስ እያደረገ ረጨው። ሲደርቅ ሞረደው፤ ደግሞ ረጨው። ክንድ የበላውን ቦታ ከሁሉ አብልጦ ነበር የደከመበት። ጠርዙ ላይ ቀለም አልይዝ ብሎት እየተመላለሰ ሞላው፤ መጨረሻ ላይ እዚያ ቦታ ሰው ክንዱን አሳርፎ ያውቃል የሚል አልነበረም። በሱፍ ጨርቅ ሲወለውለው የጣራው አምፖል ወለል ብሎ ታየበት።

የእንጨት ቤቱ ሰዎች እየተጠራሩ አዩለት። የቤቱ ባለቤት ጋሼ እንኳ፣ ለማንም ደህና ሠራህ የማይለው ሰው፣ አጎንብሶ ፊቱን በጊታሩ ጀርባ አየና ጢሙን አስተካከለ። ደመና ክሮቹን መለሰ፣ ድልድዩን በእግሩ አቆመው፣ ጫነበት። አንድ ክር መታ። ድምፁ ያው ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም። ይህ የሕይወቱ ምርጥ ሥራ ነበር። ቆሞ አየው። ምንም አላለውም።

እሑድ ጠዋት እንጨት ቤቱ ዝግ ነው፤ ቁልፉን ደመና ተውሶ ነበር። እሷ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች። ጨርቁን ሲገልጥላት ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ነበር፤ ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ዓይኗ ብቻ ጥሎት ሄደ።

“ምን አደረግከው?”

“አደስኩት።”

ቀረብ ብላ መዳፏን በጠርዙ ላይ አሳለፈች። የሆነ ነገር የጠፋባት ሰው ኪሱን እንደሚዳስስ፣ ደጋግማ እዚያው ቦታ ዳሰሰች።

“አዲስ ነው ብዬህ ነበር እኮ።”

“ሰምቻለሁ። ያታለሉሽ መስሎኝ ነው።”

አልጮኸችበትም። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ፣ ቀስ ብላ ነገረችው። ጊታሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ነው እንዲያ ሆኖ የሚወጣው። ሆን ብለው ይፍቁታል፣ ሆን ብለው ያዝጉታል፤ የድሮ ሰው እጅ ያረፈበት እንዲመስል። አባቷ መሐንዲስ ከመሆኑ በፊት በጭፈራ ቤት ጊታር ይጫወት ነበር። ልክ ይህን ቅርጽ፣ ይህን ቀለም። በአንድ የድሮ ፎቶው ላይ ክንዱ የበላው ቦታ ይታያል። እናቷ የባለጸጋ ልጅ ነበረች፤ አያቷ ልጄን ለሽቦ ቧጣሪ አልሰጥም ብለው በር ዘግተዋል። እናቷ ግን ያንን የተበላ ጠርዝ እያየች፣ ይህን ያህል የሚጸና ሰው እኔንም አይተወኝም ብላ አገባችው። ጊታሩ ተሸጧል፤ እናቷም አሁን የለችም። ልጅቷ ከሩቅ አስፈልጋ፣ ቁርጥ ያንኑ የሚመስል አግኝታ ነበር። አባቷ ያንን ቦታ ሲያይ ትናንት በር የተዘጋበት እሱ እንደነበር ያስታውሳል፤ ከዚያ በኋላ ደመናን አላውቅህም ማለት አይችልም ብላ።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አላት።

“አንተም ከሱ ጋር እኩል እንድታየው ፈልጌ ነበር።”

ደመና በጊታሩ ውስጥ የራሱን ፊት አየ። በሱ ሙያ ጭረት ለማጥፋት እንጂ ጭረት ለመግዛት ሰው መጥቶ አያውቅም። እንደገና ልፋቀው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ እስከ ምሳ ድረስ የሚፈቀውን ያህል ልፋቅ። ራሷን ነቀነቀች። አንተ የፈቅከው ያንተ ፍቅታ ነው፣ አባቴ የሱ እንዳልሆነ ያውቀዋል አለችው።

ከዚያም ተነስታ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። “ጊታሩ ይናገርልናል ብዬ ነበር። አሁን የቀረን ያንተ አፍ ነው። አባቴ ሰው አይበላም። ጋሼ በለው፤ ጌታዬ አትበለው። ጌታዬ ማለት ተቀጣሪ ነው የሚያስመስልህ።”

እሺ አላት። ጣቶቿ ኮሌታው ላይ ቆዩ። እንዲያቅፋት እየጠበቀች እንደሆነ ገባው፤ የገባው ግን ከመጽሐፍ እንደሚገባ ነገር ነበር። እጁ ላይ ቀለም ያለ ይመስል ሁለቱንም እጆቹን ከልብሷ አርቆ ያዘ። መንገዱን ሙሉ ጊታሩን ተሸክሞ ከኋላዋ ተከተለ፤ ደረቱ ውስጥ ሌላ የሚሸከመው ነገር አልነበረም።

በሩን የከፈተላቸው መሐንዲሱ ራሱ ነበር። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማያስፈልገው ሰው። ደመናን በትሕትና አስገባ፤ መደርደሪያዬን የሠራኸው አንተ ነህ መሰለኝ አለው። ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር። ልጅቷ የውጭ ጫማዋን አውልቃ የቤት ነጠላ ጫማ አደረገች፤ ምሳ አቀረበች። ተበላ። ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ ሥራ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ተወራ። ከዚያ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ትንሽ አምፕሊፋየር ሶኬት ላይ ሰካችና ጊታሩን አባቷ ጭን ላይ አኖረችው።

መሐንዲሱ ወደ ጊታሩ አጎነበሰ። ጣቶቹ ወገቡን አገኙ። ይህን ቅርጽ አውቀዋለሁ አለ፤ ለማንም አልነበረም ያለው። ግራ እጁ አንገቱ ላይ ወጣ፣ ጠንከር ያሉት ጣቶቹ ቀስ እያሉ የድሮ ቦታቸውን ፈለጉ። አንድ ድምፅ ወጣ፤ ከስፒከሩ ሰፊና ለስላሳ ሆኖ፣ መጨረሻው ላይ ጥቂት ጨልሞ። በብረቱ ክንድ ጎንበስ አደረገው፣ ቀና አደረገው። የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። ደመና ያንን አየ።

ከዚያ መሐንዲሱ ቀኝ ክንዱን በጠርዙ ላይ አሳረፈ። ክንዱ ተንሸራተተ። መልሶ አሳረፈው፤ አሁንም ተንሸራተተ። ምን ሆኖ ነው ብሎ ጊታሩን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረገ። የፈለገውን ቦታ አላገኘም፤ እዚያ ያገኘው የገዛ ፊቱን ነበር። ጥቂት አየውና ፈገግ አለ።

“ሸምግያለሁ ለካ።”

የሆነ ነገር ከፊቱ ላይ ወርዶ ሄደ፤ በምትኩ መሐንዲሱ ተመለሰ። ቀለሙን በጥፍሩ ቀስ ብሎ መታ፣ አግድም አየው፣ አንድም ሞገድ እንደሌለው አደነቀ። እንዲህ ያለ አቀባብ ከየት ነው ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ እሱ ነው አለች፤ ሁሉንም በእጁ ነው የሠራው አለች። ስትናገር ደመናን አየችው፤ ዓይኗ በል አሁን ይላል።

“እጅህ ይባረክ፣” አለ መሐንዲሱ። “እውነቴን ነው። የዚህ ቤት በሮች ተቀብተው አያውቁም ማለት ይቻላል። ብሰጥህ ትቀባቸዋለህ?”

ደመና አፉን ከፈተ። ንግግሩ እዚያ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል ያውቀዋል። የወጣው ግን ሌላ ነበር። በሮቹ ከማጠፊያቸው መነቀል አለባቸው አለ፤ ቆመው ከተቀቡ ቀለሙ ይፈስሳል። ታችኛው ጠርዛቸው እርጥበት ስለሚመጥ እዚያ ላይ ቀለም ይበልጥ መጠጣት አለበት አለ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። የገዛ ድምፁን ከቀለም ክፍሉ መጋረጃ ወዲያ ሆኖ እንደሚሰማው ይሰማዋል። መሐንዲሱ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያስደስተዋል።

ልጅቷ ዓይኗን ከደመና አልነቀለችም። አባቷ ልብ ብሏት ኖሮ፣ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ወደ ደመና ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ብድር ቢጠየቅ፣ ልጅ ቢጠየቅ፣ ምክር ቢጠየቅ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ፊት ነበር።

“የምትነግረኝ ነገር እንዳለህ ሚጡ ነግራኛለች። በል ልጄ፤ እየሰማሁህ ነው።”

አምፕሊፋየሩ በዝቅተኛ ድምፅ ያጉረመርማል። ደመና ልጅቷን አያት። ከንፈሯ በትንሹ ተከፍቷል፤ ቃሉን እሷ ልትልለት እንደምትችል ሁሉ። አንዲት ቃል ብትሆንም ትበቃ ነበር። ደመና ደረቱን ፈተሸ። ፍርሃት ቢያገኝ ፍርሃቱን ይናገር ነበር፤ ፍቅሩን ቢያገኝ እሱን። ያገኘው የተወለወለ ነገር ብቻ ነበር፤ ጣት የማይይዝበት።

“እሱን ነበር፣” አለ። “ጊታሩን ላሳይዎት ነበር፣ ጌታዬ።”

“እንግዲያው አየነው። ቆንጆ ነው።” መሐንዲሱ ጊታሩን ወደ ጎን አድርጎ ተነሳና በሮቹን በዓይኑ ለካ። “መቼ ትጀምርልኛለህ?”

“ሰኞ።”

“ሰኞ እንግዶች አሉብኝ። ማክሰኞ ይሁን።”

“ማክሰኞ ይሁን፣ ጌታዬ።”

ልጅቷ አጎንብሳ የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ነቀለች። ጉርምርምታው ቆመ። ገመዱን ክርኗ ላይ እየጠቀለለች ሁለቱንም አላየቻቸውም፤ ጠቅልላ ስትጨርስ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። የውጭ ጫማዋን አልፋው ሄደች፤ በቤት ነጠላ ጫማዋ፣ ያለ ቦርሳ። አባቷ ሚጡ፣ ወዴት ነው አላት። እጇ የበሩን እጀታ ሲጫን ትከሻዋ ትንሽ ወረደ፣ ወጣችም፤ መንገዱ ላይ የእግሯ ድምፅ እየራቀ ሄደ።